ያላገኘነው መስመር

ሰኞ

ዛሬ መንገዱን ዘጋን። ከአደባባዩ እስከ ፋርማሲው ያለው ግራ እጅ ለእኛ ተሰጥቷል፤ የጎርፍ ማስወገጃ ቱቦ ልንቀብርበት ነው። አጥሩን አቁመን ሳንጨርስ የሱቅ ባለቤቶች ከበቡኝ። "መቼ ነው የምትለቁልን?" "ደንበኛ በየት በኩል ይግባልኝ?" ለሁሉም "ቶሎ እንጨርሳለን" አልኳቸው። ተቆጣጣሪ ከሆንኩ ወዲህ ከአፌ ብዙ ጊዜ የወጣው ቃል ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ መንገድ ሥር የሌለ ነገር የለም። የውሃ ቱቦው፣ የስልኩ፣ የፍሳሹ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሰፈሩ በሙሉ ኃይል የሚያደርሰው ወፍራም የመብራት ገመድ። የመብራት መሥሪያ ቤቱ ቴክኒሻን በመፈለጊያ መሣሪያው መንገዱን እየቃኘ ገመዱ ያለበትን በቀይ ቀለም አሰመረልን። ከሲታ ሰው ነው፤ ሲያወራ እንኳን መሬት መሬቱን ያያል። ፋርማሲው ጥግ ሲደርስ ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እንደገና ቆመ።

"እዚህ ጋ መሣሪያው ያምታታኛል" አለኝ። "የፋርማሲው የብረት አጥር ይመስለኛል። ስለዚህ በነጠብጣብ ነው ያሰመርኩት። ማሽን ከማስገባታችሁ በፊት በእጅ ቆፍራችሁ ገመዱን በዓይናችሁ እዩት።"

"እሱማ ደንብ ነው" አልኩት።

"ደንብ መሆኑንማ ሁሉም ያውቃል" አለና ሳቅ ብሎ ሄደ።

ማሽኑን የሚነዳው መርፌ ነው። መርፌ ያሉት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ በኤክስካቫተር አካፋ ክር ያስገባል ለማለት ነው። የእህቴ ባል ነው። እዚህ ሥራ ላይ እንዲመደብ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ እህቴ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ሩቅ አገር መንገድ ሥራ ላይ ሲከርምባት ኖሯላ።


ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት

ቶሎ ቶሎ ልጻፍ። የስልኩን መስመር በእጅ ቁፋሮ አገኘነው፤ ካርታው ላይ ካለበት አንድ ክንድ ያህል ወደ መንገዱ ገባ ብሎ። ሻለቃ፣ የእጅ ቆፋሪዎቹ አለቃ ማለት ነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ "ካርታውን የሣለው ሰውዬ ሚስቱ ጋር ተጣልቶ ነበር!" ብሎ ጮኸ። ሻለቃ ወታደር ሆኖ አያውቅም። ማዕረጉን ያገኘው በድምፁ ነው።

መርፌ ማሽኑን አጥፍቶ የስልኩ ገመድ እስኪታይ ጠበቀ። አልተቆጣም፤ አልተነጫነጨም። እንዲህ ያለ ኦፕሬተር ብዙ አላየሁም።


ዓርብ

ሥራ አስኪያጇ ሊጎበኙን መጡ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ሲከፋቸው ዝም ብለው ሰማይ ያያሉ፤ ዛሬ ደጋግመው አዩ።

"ዝናቡ ከገባ ይኼ ሁሉ ኩሬ ነው የሚሆነው" አሉኝ። "በሚቀጥለው ሳምንት የፋርማሲውን ጥግ እለፍልኝ።"

"እንደምንም እንሞክራለን።"

"እንደምንም አትበለኝ፤ እሺ በለኝ።"

"እሺ" አልኩ።

ሲሄዱ አብሯቸው ለመጣው ሰው እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፦ "ጎበዝ ነው፤ ግን ይፈራል።" ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ቀረች።


እሑድ

እህቴ ቤት ነበርን፣ ከባለቤቴ ጋር። ልጅቷ፣ የእህቴ ልጅ፣ በአባቷ ትከሻ ላይ ወጥታ "ማሽን ነኝ" እያለች ጣሪያ ስትነካ ዋለች። ሴቶቹ ወደ ጓዳ ሲገቡ መርፌ ቀስ ብሎ ነገሩን አነሳው።

"ያንን የፋርማሲ ጥግ አልወደድኩትም።"

"ምኑን?"

"ነጠብጣብ ነዋ። ሰው አላውቅም ብሎ መናገር ሲያፍር ነጠብጣብ ያሰምራል።"

ሳቅኩ። ከዚያ ምን እንዳልኩት በደንብ አስታውሳለሁ፦ "እኔ ገመዱን በዓይኔ ሳላይ አንተን እዚያ አላስገባህም። እህቴ ምን ትለኛለች?"

"እህትህንማ እኔም እፈራታለሁ" አለ።


ማክሰኞ

የፋርማሲው ጥግ። ቀኑን ሙሉ ነጠብጣቡ ሥር በእጅ ተቆፈረ። ገመድ የለም። ድንጋይ፣ የተሰበረ ሸክላ፣ የዛገ ቱቦ። ሻለቃ ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ አድርጎ "የለም እኮ አለቃ፤ ተሰርቋል መሰለኝ" አለኝ።

ለቴክኒሻኑ ደወልኩ። ሌላ ሰፈር ነው ያለው፤ ሐሙስ ሌላ መሣሪያ ይዞ ይመጣል። "እስከዚያ ጉድጓዱን በሁለቱም ጎን አስፉት" አለኝ። "አላገኘነውም ማለት የለም ማለት አይደለም። የሆነ ቦታ አለ።"

ወደ አንዱ ጎን ትንሽ አሰፋን። በሌላው ጎን አስፋልቱን መስበር የሚያስፈልግ ሆነ፣ ሰውም ደከመው፣ መሸ። ነገ ይደርሳል አልኩ።

ሥራ አስኪያጇ ደውለው "ጥጉስ?" አሉኝ። "እየተቃረብን ነው" አልኩ። ወደ ምን እንደተቃረብን እኔም አላውቅም።


ረቡዕ፣ ማለዳ

ዝናብ። ገና ሳይነጋ ጀመረ። ትናንት በእጅ የቆፈርነውን የሙከራ ጉድጓድ እስከ ግማሹ ውሃ ሞልቶታል። ግድግዳው እየተናደ ነው። ምናልባት ገመዱ ድሮ ተነስቶ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል፤ መስመር ይቀየራል፣ ካርታው ግን ሳይታረም ይቀራል። ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። ብዙ ቦታ ያጋጥማል።


ረቡዕ

መጻፍ አልቻልኩም። አደጋ ደረሰ። መርፌ ሆስፒታል ነው። ሻለቃ ደህና ነው። ሰፈሩ በሙሉ መብራት የለውም።


ሐሙስ

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ይጠይቁኛልና ከወዲሁ ነገሩን ማስተካከል አለብኝ። ማስተካከል ማለቴ ማስታወስ ነው።

ዝናቡ ረፋዱ ላይ አባራ። ውሃውን በፓምፕ አወጣን። ሻለቃ አስቀድሞ በተቆፈረው ቦይ ውስጥ፣ ከማሽኑ ፊት ራቅ ብሎ፣ ጭቃ ይጠርግ ነበር፤ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ። ማሽኑ ከጥጉ ወዲህ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ በመንገዱ ማዶ ሥራ አስኪያጇን በስልክ እያነጋገርኩ ነበር። የአሸዋ መኪና እየመጣ ስለነበረ ሹፌሩ እንዲቆይ እጄን አነሳሁ። መርፌ በዚህ መሃል ወደ ጥጉ ገባ።

ድምፁ እንደ ፍንዳታ አልነበረም። ትልቅ የብረት በር በኃይል ሲዘጋ እንደሚሰማው ያለ ነው። ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ከመሬት ወጣ። የፋርማሲው መብራት ጠፋ፣ ቀጥሎ ዳቦ ቤቱ፣ ቀጥሎ ሁሉም። ሻለቃ ቦዩ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ አየሁት። እንደኔ መርፌም አይቶታል።

ማሽን ገመድ ከነካ ኦፕሬተር አይወርድም። ኃይሉ መጥፋቱ እስኪረጋገጥ መቀመጫው ላይ ይቆያል፤ ይኼን እኔ ራሴ ነኝ ለሠራተኛው ሁሉ የማስተምረው። አንድ እግሩን መሬት አድርጎ በእጁ ማሽኑን የያዘ ሰው በራሱ ላይ ለኤሌክትሪኩ መስመር ዘረጋ ማለት ነው። መርፌ ያውቀዋል። ግን ሻለቃ አይንቀሳቀስም ነበር።

በሩን ከፈተ። "አትውረድ!" ብዬ ጮህኩ። የጮህኩ ይመስለኛል። አንድ እግሩ ጭቃውን ሲነካ እጁ መወጣጫው ላይ ነበር።

ሻለቃ ከድንጋጤ ሌላ ምንም አልሆነም። ራሱ ተነስቶ ልብሱን ማራገፍ ሲጀምር ነው መርፌን ያየው።


ዓርብ

ሆስፒታል። የሁለቱም እጆቹ ፋሻ እስከ ክርን ይደርሳል፤ እግሩም። በማስታገሻ ተኝቷል። እህቴ ከግድግዳው ጋር በተያያዘው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የሱን ጫማዎች በፌስታል ይዛለች። ከትናንት ጀምሮ እንደያዘቻቸው ነው፤ መሬት አስቀምጪያቸው አላለቻትም ነርሷ፣ እኔም አላልኳትም።

"ማነው ግባ ያለው?" አለችኝ።

"እየተመረመረ ነው።"

"አንተ አልነበርክም እንዴ?"

"ስልክ ላይ ነበርኩ።"

ፌስታሉን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ከዚያ "አንተ ብታየው ኖሮ ታስቆመው ነበር" አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው! እኔን!


ቅዳሜ

ቴክኒሻኑ ጥጉን ራሱ አስቆፈረ። ገመዱ ተገኘ። ከሙከራ ጉድጓዳችን ጠርዝ አንድ ክንድ ያህል ወዲያ፣ ሳናሰፋው በቀረነው ጎን፣ የድሮ ዛፍ ሥር ዞሮ ሲያልፍ። የቀበሩት ሰዎች ዛፉን ላለመቁረጥ ይሆናል ያጠማዘዙት። ዛፉ አሁን የለም።

ቴክኒሻኑ አልወቀሰኝም። ጉድጓዱን አየ፤ አስፋልቱን አየ፤ "ይቺን ነበር" አለ ብቻ።


ማክሰኞ

መርማሪ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ሦስት ሰዎች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የማይዘጋ መስኮት። በትሕትና ነው የጠየቁኝ።

"ለኦፕሬተሩ እንዲገባ ትዕዛዝ ሰጥተውታል?"

"በቃል የሰጠሁት ትዕዛዝ የለም።"

ውሸት አይደለም። አንድም ቃል አልተናገርኩም። የተጻፈው እንዳልኩት ነው፤ አነበቡልኝ፤ ትክክል ነው አልኩ።

ስወጣ ከሦስቱ አንዱ ለሌላው "ኦፕሬተሮች እንዲህ ናቸው፤ ልምድ ሲበዛ ይደፍራሉ" ሲል በሩ ገና አልተዘጋም ነበር። ተመልሼ መርፌ ደፋር አይደለም ልል ፈለግኩ። ደረጃውን ወረድኩ።

ያለ ትዕዛዝ ገባ ከተባለ መንጃ ፈቃዱ ይነጠቃል፤ ጉዳቱም በራሱ ጥፋት የደረሰ ይባላል። ሕክምናውም፣ ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮውም በእህቴ ጫንቃ ላይ ነው የሚወድቀው።

ግን እሱስ መጠየቅ አልነበረበትም? ነጠብጣቡን አልወደድኩትም ያለው ራሱ ነው። ያልወደደ ሰው ወርዶ ይጠይቃል። እኔ ብሆን እጠይቅ ነበር።


ሐሙስ

ከቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ተቆረጡ። ሐኪሟ ለእህቴ ስትነግራት አጠገቧ ነበርኩ። የግራው ይተርፋል፤ ቆዳው ግን ከጭኑ ተወስዶ ይለጠፋል አለቻት። እህቴ "የትኞቹ ጣቶች?" ብላ ጠየቀች፣ ለውጥ የሚያመጣ ይመስል። ከዚያ የራሷን እጅ ዘርግታ ጣቶቿን አንድ በአንድ ስታጥፍ አየኋት። የቀሩት ምን ሊይዙ እንደሚችሉ ልታይ ነው።


ቅዳሜ

ባለቤቴ ራት ላይ ሳህኔን ሳልነካው ስታየኝ "ሰው ስለ መርፌ ሲጠይቅህ ስለ አሸዋ መኪና ነው የምትመልሰው" አለችኝ።

"መኪና ስለነበረ ነዋ።"

"እሺ። ግን እኔ ስለ መኪና አልጠየቅኩህም።"

ሳህኑን አንስታ ገባች።


እሑድ

ሻለቃ መርፌን ሊጠይቅ ሆስፒታል መጣ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ የዋጋው ወረቀት ከአንገቱ ሥር ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ ማንም አልነገረውም። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፤ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። መርፌ ተኝቶ ስለነበረ ኮሪደር ላይ ከእህቴና ከእኔ ጋር ቆምን።

"በኔ ምክንያት ነው የወረደው" አላት እህቴን። "ሞኝ! ቶሎ ብነሳ ኖሮ። ትንፋሼን ለመሰብሰብ ነበር የቆየሁት እኮ።"

"አንተ ምን አደረግክ?" አለችው፤ እጁን ያዘችው።

"ደግነቱ ሌላ ሰው አለመኖሩ" አለ ሻለቃ። "አሸዋም ያን ቀን ቀረ፤ በዝናቡ የተነሳ መኪናው አልመጣም። ቢመጣ ሹፌሩም ከነረዳቱ እዚያው ጥግ ነበር የሚያራግፈው።"

ውሃ ልግዛ ብዬ ወጣሁ። ውሃ ሳልገዛ ቤቴ ገባሁ።


እሑድ፣ አሁንም

የአሸዋ መኪና አልነበረም።

እንግዲህ እንዲህ ነው የሆነው። ሥራ አስኪያጇ በስልክ "ማሽኑ ጥጉ ጋ ገብቷል?" ብለው ጠየቁኝ። "ገብቷል" አልኩ። አልገባም ነበር። መርፌ ማዶ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። የሙከራውን ጉድጓድ በአገጩ አመለከተኝ፤ ገመዱ ተገኘ ወይ ማለቱ ነው፤ ጠይቆኛል። መጠየቅ ያለበትን ጠይቆኛል። እኔ ስልኩን በጆሮዬ ይዤ፣ የተናገርኩት ውሸት እውነት እንዲሆንልኝ፣ አውራ ጣቴን አነሳሁለት።

ትንሽ አመነታ። ከዚያ ገባ። ለምን አይገባ? ሳላይ አላስገባህም ያልኩት እኔ ነኛ። ካስገባሁት አይቻለሁ ማለት ነው።


ረቡዕ

መርፌ ነቃ፤ በደንብ እያወራ ነው። የኮሚቴው ሰዎች አልጋው ድረስ መጥተው ጠየቁት። እህቴ ነገረችኝ። "ማን ግባ እንዳለኝ አላስታውስም" ብሏቸዋል።

ደስ አለኝ።

ይኼን ቃል ከጻፍኩት በኋላ ትንሽ አየሁት። ልሰርዘው አልኩ። ይቆይ። ሰውየው ሁለት ጣት አጥቶ፣ ትዝታውም ጠፍቶበት፣ እኔ ደስ አለኝ።


ዓርብ

ሊያየኝ እንደሚፈልግ ተነገረኝ። ሥራ አለብኝ አልኩ። ሥራ የለኝም፤ ቦታው ከታሸገ ሰንብቷል። ቢሮ ተቀምጬ እርሳስ ስቀርጽ ዋልኩ።


ሰኞ

ዛሬ ኮሚቴው የመጨረሻ ቃል የሚሰማበት ቀን ነው። ጠዋት እህቴ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ጸጉሯን አስራለች፤ ለሠርግ የምትለብሰውን ጫማ አድርጋለች።

"እንሂድ" አለችኝ። "ትመሰክርለታለህ። ያለ ትዕዛዝ የሚገባ ሰው እንዳልሆነ ንገራቸው። አንተ ትልቅ ሰው ነህ፤ ይሰሙሃል።"

"እሺ" አልኩ። እሺ ማለት ለምዶብኛል።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ምን እንደምናገር ታስጠናኝ ጀመር። "እንዲህ በላቸው፦ እኔ አውቀዋለሁ፣ ትዕዛዝ ሳያገኝ ንክች አያደርግም። እንዲህ በላቸው፦ ሌሎች ሲቸኩሉ እሱ ማሽኑን አጥፍቶ ይጠብቃል። እንዲህ በላቸው፦ ..."

"እኔ ነኝ ግባ ያልኩት" አልኳት።

አልሰማችኝም መሰለኝ። ቀጥላ "እንዲህ በላቸው" ብላ ቆመች።

"በእጄ። አውራ ጣቴን አነሳሁለት። ገመዱን አላየሁም ነበር። ጠይቆኝ ነበር፤ አዎ አልኩት።"

ወደ መስኮቱ ዞረች። አንድ ፌርማታ አለፈ። ሌላም አለፈ። ከፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ ስለ ሽንኩርት በስልክ ያወራሉ። እህቴ ሳታየኝ ነው የተናገረችው።

"እኔ ያን ቀን፣ ሆስፒታል፣ ብታየው ታስቆመው ነበር ስልህ ምን አልከኝ?"

"ምንም።"

"ምንም" አለች። ተነሳች። ለሹፌሩ "ወራጅ!" ብላ ጮኸች፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እኔም ልነሳ ስል ትከሻዬን በእጇ ተጫነችኝ። በልጅነታችን እንኳን እንዲህ ጠንከር አድርጋ ነክታኝ አታውቅም።

"አንተ ቀጥል። እዚያ ደርሰህ አሁን የነገርከኝን ይኼንኑ ቃል ድገመው። ጨምረህ እንዳትናገር፤ አሳጥረህም እንዳትናገር።"

ወረደች። አውቶቡሱ ሲነሳ ጀርባዋን አየሁ።

ደገምኩት። ከሦስቱ አንዱ፣ ኦፕሬተሮች ይደፍራሉ ያለው፣ "ባለፈው ለምን ይኼንን አልነገሩንም?" አለኝ። "በቃል ትዕዛዝ አልሰጠሁም ነበር ያልኩት" ብዬ ጀመርኩና የራሴ ድምፅ አስጠላኝ። "ፈርቼ ነው" አልኩት።


ማክሰኞ

ሥራ አስኪያጇ ደወሉ። ድምፃቸው እንደወትሮው ነው።

"እኔ ማሽኑን አስገባ ብዬሃለሁ?"

"አላሉኝም። 'ገብቷል ወይ?' ነው ያሉኝ።"

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

"አይ፣ ገና ነው ብትለኝ ምን ይመጣ ነበር?" አሉኝ።

ምንም አይመጣም ነበር። ሰማይ ሰማይ ያዩ ነበር። ያ ብቻ ነው።


(ቀኑን ሳልጽፍ ብዙ ሰነበትኩ) ቅዳሜ

ውሳኔው ወጣ። የመርፌ ጉዳት በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ተብሏል፤ መሥሪያ ቤቱ ያሳክመዋል፤ ፈቃዱም አይነጠቅም፣ ለምን እንደሚሆነው እንጃ። እኔ ከተቆጣጣሪነት ተነሳሁ። ክሱ ገና ነው፤ ጠበቃ ያዝ ብለውኛል። እስከዚያ ሌላ ሰፈር፣ ከሌላ ተቆጣጣሪ ሥር፣ የሙከራ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሰዎች ጋር ነው የመደቡኝ። አዲሱ አለቃዬ ዕድሜው ከእኔ በጣም ያንሳል። "ስለ እርስዎ ሰምቻለሁ" አለኝ፤ ከዚያ ያለውን ነገር መልሶ ሊውጠው ሲታገል አየሁት።

ባለቤቴ ውሳኔውን ስነግራት አላለቀሰችም። "አሁን ብላ" አለችኝ።


ሐሙስ

ዛሬ አዲሱ ቦታ ላይ የውሃ ቱቦው አልተገኘም። ልጁ፣ አለቃዬ፣ ሰዓቱን አየ። እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ነበርኩ። "እናስፋው" አልኩ። "ካርታው ላይ እኮ..." አለ። "እናስፋው።" ጮኼበት መሰለኝ፤ ሰው ሁሉ መቆፈሩን አቆመ። አሰፋነው። ግማሽ ቀን ፈጀ። ተገኘ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። እዚያኛውም ግማሽ ቀን ነበር የሚፈጀው።


እሑድ

መርፌ ቤቱ ገብቷል። እህቴ ለእኔ አትደውልም፤ ለባለቤቴ ደውላ እንዲህ አለቻት፦ "እኔ ጠዋት ሥራ እገባለሁ። የሚያለብሰው ሰው ያስፈልጋል። ወንድሜ ይምጣ። ከእኔ ጋር ግን አያውራ።"

ባለቤቴ ቃል በቃል ነገረችኝ። ወንድሜ ማለቷን ሁለቴ አስደገምኳት።


ረቡዕ

ሦስተኛ ጠዋቴ ነው። ስደርስ እህቴ በሩን ትከፍታለች፤ ቦርሳዋን ይዛ በአጠገቤ ታልፋለች። ልጅቷን ትምህርት ቤት አድርሳ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ዛሬ ልጅቷ ዞር ብላ "አጎቴ፣ የአባዬን እጅ ቀስ ብለህ ያዘው፣ ያመዋል" አለችኝ። እናቷ ቀስ ብላ እጇን ሳበቻት።

መርፌ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። የቀኝ እጁ እንደ መንጠቆ ታጥፎ ቀርቷል፤ የግራው ቆዳ የሚያብለጨልጭ ቀይ ነው። እስከ ዛሬ ስለ አየሩ ነበር የምናወራው። ዝናቡ አበቃ ይላል፣ አበቃ እላለሁ። ካልሲ፣ ሱሪ፣ ካናቴራ። ሸሚዙን ሳለብሰው ነው ዛሬ የጀመረው።

"አስታውሳለሁ እኮ" አለኝ።

እጄ ቁልፉ ላይ ቆመ።

"ከነቃሁበት ቀን ጀምሮ አስታውሳለሁ። በአገጬ ጠየቅኩህ፤ ጣትህን አነሳህልኝ።"

"ታዲያ ለምን አላስታውስም አልካቸው?"

"አንተ እስክትናገር ልጠብቅ ብዬ። እኔ ብናገር እሷ ወንድም የላትም። አንተ ብትናገር ግን..." ትከሻውን ነቀነቀ። "ቶሎ የምትናገር መስሎኝ ነበር። ሰው ልኬብህ ነበር፤ ሥራ አለብኝ አልክ አሉ።"

የደረቱን ቁልፎች ጨረስኩ። አንገቱን አስተካከልኩለት። ወደ ግራው እጅጌ ዞርኩ፤ ቆዳውን እንዳልነካው ጨርቁን በሁለት ጣቴ ነው የያዝኩት።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለኝ። "እዚያ ተኝቼ ሳስበው የከረምኩት እሱን ነው። ጣትህን ስታነሳ ምን አስበህ ነበር? ምናልባት እኔ ሳላይ ገመዱን አግኝታችሁት ይሆናል፣ ምናልባት ቴክኒሻኑ ደውሎለት ይሆናል እያልኩ... የሆነ ነገርማ አስበህ ነበር አይደል?"

አስቤ ነበር ብል እንደሚቀለው አውቃለሁ። ለእኔም ይቀለኝ ነበር። ገመዱ ድሮ የተነሳ መስሎኝ ነው ብል ያምነኛል፤ ያመነኝ ሰው ነው።

"ምንም አላሰብኩም" አልኩት። "ለሥራ አስኪያጇ በስልክ ገብቷል ብያቸው ነበር፤ እንዲገባ ነው ያነሳሁት። አንተን አላሰብኩህም። በዚያች ሰዓት አንተ መሆንህም ትዝ አላለኝም።"

ዓይኖቹን ፊቴ ላይ አሳረፋቸው። ሲያየኝ ቆየ፤ እንደዚያ ረጅም ጊዜ ያየኝ ሰው የለም። ውጭ ማዶ ቤት ራዲዮ ይሰማል። ከዚያ ቀስ አድርጎ፣ በግራው እየደገፈው፣ ቀኙን አነሳና ወደ እኔ ዘረጋው።

"ይኼኛውንም እጅጌ ቆልፍልኝ" አለኝ።